ዘጠና ሰከንድ

አንድ ሰው ማሽንን ዘጠና ሰከንድ ሙሉ ምንም ሳይሠራ ቁጭ እንዲል ለምን ያዘዋል?

ጥያቄው የመጣብኝ ሥራ በጀመርኩ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ያኔ መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄም አልመሰለኝም ነበር፤ የሰነፍ ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።

የጤና ጣቢያው ሰርቨር ያለው ከመድኃኒት ግምጃ ቤቱ ጎን፣ ድሮ መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባት በነበረች መስኮት የለሽ ክፍል ውስጥ ነው። ወንበሩ አንድ ነው። ሁለተኛ ሰው ከገባ በሩ አይዘጋም። በዚህች ክፍል አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፤ ኮምፒውተር ያስተማረው ሰው የለም። እየነካካ፣ እያበላሸ፣ እየመለሰ ነው የለመደው። ሠራተኛው ሁሉ “ጋሽ ሽቦ” ይለዋል፤ ኪሱ ውስጥ ሽቦ የማይጠፋ ሰው ነውና።

እኔ ደግሞ ሩቅ አገር ተምሬ፣ ሩቅ አገር ሠርቼ፣ አንድ ቀን ጠዋት የምመለስበት ምክንያት ከማልመለስበት ጋር እኩል ሆኖብኝ የተመለስኩ ሰው ነኝ። “ለምን ተመለስሽ?” ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ መልስ ስለምሰጥ የቱ እውነት እንደሆነ ለራሴም ጠፍቶኛል። እናቴ ቤት ሦስት ወር ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ ስመላለስ ያየኝ አጎቴ ነው ለጤና ጣቢያው ኃላፊ፣ ለዶክተሩ የነገረው። “የእህቴ ልጅ መጥታለች፣ ብታግዘኝ” ነበር ያለው። ዶክተሩ የትምህርት ማስረጃዬን አየና ነገሩን ገለበጠው። እኔ ኃላፊ፣ አጎቴ አጋዥ።

በርክክቡ ዕለት ዶክተሩ፣ አጎቴና እኔ በዚያች ክፍል ተጣበን ቆመናል። አጎቴ አንድ በአንድ እየከፈተ ያሳየኛል።

ኮምፒውተር ሲበራ ማንም ሳያዛቸው ከጀርባ የሚነሱ ፕሮግራሞች አሉ። ስክሪን ላይ አይታዩም፤ ቀን ከሌት ሥራቸውን ይሠራሉ። አንዱ የላቦራቶሪ ውጤት ያመላልሳል፣ ሌላው መዝገብ ይገለብጣል። እያንዳንዳቸው አጭር የማዋቀሪያ ፋይል አላቸው። ተራ ጽሑፍ ነው፣ ሦስት ክፍል ያለው። የመጀመሪያው ፕሮግራሙ ማን እንደሆነና ከማን በኋላ እንደሚነሳ ይናገራል። ሁለተኛው እንዴት እንደሚነሳ፣ ቢወድቅ ምን እንደሚደረግ። ሦስተኛው ማሽኑ ሲበራ አብሮ ይነሳ አይነሳ እንደሆነ። አጎቴ እንደዚህ ያሉ አሥራ አንድ ፋይሎች ነበሩት፤ ስማቸውን ሁሉ እሱ ነው ያወጣው።

“ይሄ ጠባቂው ነው” አለኝ ወደ ስድስተኛው ሲደርስ። ጠባቂው የክትባት ፍሪጁን ሙቀት የሚከታተል ፕሮግራም ነው። ፍሪጁ ውስጥ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አለ፤ ሽቦው ግድግዳ ላይ ወዳለ መቀበያ ሳጥን ይሄዳል፤ ጠባቂው ቁጥሩን ከሳጥኑ ያነባል። ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ለዘበኛው ስልክ መልእክት ይልካል።

ፋይሉን አነበብኩት። መሃሉ ላይ፣ ፕሮግራሙ ከመነሳቱ በፊት፣ ዘጠና ሰከንድ ተኛ የሚል ትእዛዝ አለ።

“ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?”

“ይጠብቅ ብዬ ነው።”

“ምኑን ነው የሚጠብቀው?”

“ይጠብቅ ነዋ። ተይው፣ አትንኪው።”

ሳቅኩ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነው የማስታውሰው። ዶክተሩ ግን ምን እንደሚያስቅ ሳያውቅ አብሮኝ ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። አጎቴ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። መልሶ ሳያደርገው ቁልፎቹን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠና ወጣ። በማግስቱ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን የመልቀቂያ ደብዳቤ ላከ፤ ሁለት መስመር ነበር።

እኔ አሥራ አንዱንም ፋይሎች አጸዳኋቸው። የጠባቂውን ዘጠና ሰከንድ አጥፍቼ በምትኩ በትምህርት ቤት እንደተማርኩት “ከኔትወርኩ በኋላ ተነሳ” የሚል መስመር ጻፍኩ። ከማጥፋቴ በፊት ፋይሉን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ለድሮ የክፍል ጓደኞቼ ላክሁላቸው። “ከቤተ መዘክር” ብዬ ከሥሩ ጻፍኩበት። የሳቅ ምስል ዘነበልኝ።

ይህ ከሆነ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ ሰኞ ጠዋት ስገባ የግምጃ ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ ቁልፍ ፍሪጁ ፊት ቆማለች፤ ጫማዋ ሥር ውኃ ነበር።

እትዬ ቁልፍ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ናት። ቁልፎቿን በገመድ አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ነው ስሙ የወጣላት። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት ከቀራቸው ሴቶች ሁሉ ቁጡዋ እሷ ትመስለኛለች። በጽሑፍ ላይ “ናት” እላለሁ እንጂ ፊቷ ቆሜ አንቱ ነው የምላት፤ ሌላ የሚደፍር የለም።

“አንቺ ፈረንጅ፣ ነይ እዪ!” አለችኝ። “ሞቶልሻል።”

“ምኑ ነው የሞተው?”

“ፍሪጁ ነዋ! እኔ እንደሆንኩ ገና አልሞትኩም። በሩን ስከፍት በብርጭቆዋ ቴርሞሜትር አሥራ ዘጠኝ ዲግሪ። በረዶው ሁሉ ውኃ። ያች መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁን ለማስነሳት በእጅ የምንጫናት ቁልፍ አልተጫነችም፤ አሁን ነው የተጫንኳት።”

ሮጬ ወደ ሰርቨሩ ሄድኩ። ጠባቂው 4.1 ይላል። እጄ ከጭንቅላቴ ቀድሞ አጠፋውና አስነሳው፤ አሁን 19 አለ። ተነፈስኩ። የሠራ መሰለኝ።

ዶክተሩ መጣ። ብልቃጦቹን አየ፣ የአንድ ወር ክትባት። ኮሪደሩ ላይ ሕፃናት የታቀፉ እናቶች ተደርድረዋል፤ አንዷ መንታ ይዛለች፣ አንዱን በፊቷ አንዱን በጀርባዋ። ዶክተሩ እነሱን ላለማየት ወደ እኔ ዞረ።

“ኢንጂነር፣ መዝገቡን አትሚልኝ።”

አተምኩለት። ወረቀቱ ቅዳሜ 4.1፣ እሑድ 4.1፣ ሰኞ ጠዋት 4.1 ይልና ድንገት 19 ይላል። ዶክተሩ ጣቱን መጨረሻው ላይ አሳረፈ።

“እትዬ፣ እርስዎ እስኪገቡ ድረስ ፍሪጁ ደህና ነበር።”

“ደህና አልነበረም። ስገባ ሙቅ ነበር እያልኩዎት!”

“ማሽኑ እንደዚያ አይልም።”

“እኔ ደግሞ እንደዚያ እላለሁ። ማሽኑ ዓይን አለው? እኔ አለኝ።”

“ምናልባት በሩን ከፍተው ዘንግተውት…”

“እኔ ዘንግቼ?” አለች፣ ድምፅዋ ቀጠነ። “እኔ ይሄን በር ስዘጋ ስከፍት የመጀመሪያ ልጄ አገባች።”

ሐሙስ ኮሚቴ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ወረቀቱ ከእትዬ ቁልፍ ማኅደር ጋር ተያያዘ። ከሥሩ የእኔ ፊርማ አለ፤ “ትክክለኛ ቅጂ ነው” የሚል። ኮሚቴው ጥፋተኛ ካላት ከሥራ ትሰናበታለች፣ ጡረታዋም አብሮ ይሄዳል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ሰኞ ከሰዓት ባዶውን ፍሪጅ በጨርቅ እየወለወለች። አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞን እንዳለ ወረቀቱን ሳይ ዋልኩ። ድካም ዓይነት አለው፤ ይኼኛው አንድን ነገር ላለማወቅ ስትታገል የሚመጣው ነው። እሷ ከእኔ የቀደመችው በሃያ ደቂቃ ነው። በረዶ የታጨቀበት ፍሪጅ በሃያ ደቂቃ ከ4 ወደ 19 አይዘልም። ይህን ለማወቅ ሩቅ አገር መማር አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከቅዳሜ በፊት ያሉት ቁጥሮች 3.7፣ 4.4፣ 3.9፣ 4.2 ይላሉ። የሚሠራ ፍሪጅ ይዋዥቃል፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ይተኛል። ከቅዳሜ ቀትር ጀምሮ ግን 4.1፣ 4.1፣ 4.1። አንዲት ነጥብ አትንቀሳቀስም። ቅዳሜ ቀትር ምን ሆነ? የሁለት ሰዓት ክፍተት አለ፤ መብራት ጠፍቶ ነበር። ማሽኑም ጠፍቶ፣ መብራት ሲመጣ ተነሥቷል። ጠባቂውም አብሮ ተነሥቷል፤ ወዲያውኑ፣ ሳይጠብቅ።

ስልኬ ላይ ያለውን የአጎቴን ፋይል ፎቶ ከፈትኩ።

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ቁልፍ ክፍል ገባሁ።

“እትዬ፣ አንድ ነገር ያግዙኛል?”

“ነገ ለሚያባርሩኝ ሰዎች ዛሬ ላግዝ?”

“ሙቅ ውኃ በብርጭቆ እፈልጋለሁ። መቁጠርም ይችላሉ አይደል?”

“እኔን ነው መቁጠር ትችያለሽ የምትይው? የዚህን ግምጃ ቤት ክኒን ቆጥሬ የጨረስኩትን?”

መጀመሪያ የግድግዳውን ሳጥን ሶኬት ነቀልኩ፤ መብራት እንደጠፋ ማለት ነው። ከዚያ የፍሪጁን የሙቀት ሽቦ አውጥቼ በሙቅ ውኃው ብርጭቆ ውስጥ ከተትኩ። ሶኬቱን መልሼ ሰካሁት። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት በራ።

“ይቁጠሩ።”

“አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…”

እሷ እየቆጠረች እኔ ከሰርቨሩ ጋር ባገናኘሁት ላፕቶፕ ላይ ጠባቂውን እንዳለ፣ ሳይጠብቅ አስነሣሁት። በጽሑፌ መሠረት ሁሉ ነገር ትክክል ነው፤ ኔትወርኩ አለ፣ ፕሮግራሙ ተነሥቷል፣ ስህተት የሚል ቃል የለም። ቁጥሩን አየሁ። ሽቦው ፈልቶ በወረደ ውኃ ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ ግን ሶኬቱን ከመንቀሌ በፊት የነበረውን የፍሪጁን ቁጥር፣ 5.2 ይላል።

“ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ… ምን ይላል?”

“አያቁሙ!”

“እንዳትጮኺብኝ። ስልሳ። ስልሳ አንድ።”

ሰማንያ አራት ላይ የሳጥኑ ቀይ መብራት አረንጓዴ ሆነ። ሳጥኑ ገና አሁን ነቃ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ጠባቂው ሳጥኑን በእንቅልፉ ነው ያገኘው፤ ሳጥኑም መጨረሻ የሚያስታውሰውን ቁጥር ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ ያንኑ እየደገመ ይሰጠዋል። ጠባቂው ጠፍቶ እንደገና ካልተነሳ ሳምንትም ይኸው ነው።

ሁሉንም ነቀልኩና እንደገና። በዚህ ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ዘጠና ሰከንዱን መልሼ ጻፍኩ። ሶኬቱን ሰካሁ፤ እትዬ ቁልፍ ሳላዛት መቁጠር ጀመረች። ሰማንያ አራት፣ አረንጓዴ። ዘጠና፣ ጠባቂው ተነሣ። 61 ዲግሪ፤ ከዚያ 60.8፣ 60.5። ውኃው እየበረደ ነው።

“ከኔትወርኩ በኋላ ተነሳ” የሚለው የኔ መስመር ተራ ብቻ ነው የሚያስይዘው። ከፊትህ ያለው ሰው ነቅቷል ወይ ብሎ አይጠይቅም። አጎቴ ይህን የሚገልጽበት ቃል አልነበረውም። ቁጭ ብሎ አይቷል፣ ቆጥሯል፣ ይጠብቅ ብሏል።

“እና?” አለች እትዬ ቁልፍ። “ምን ሆነ? ፊትሽ ለምን እንደዚህ ሆነ?”

“ቅዳሜ መብራት ሲመጣ ማሽኑ ዋሽቷል። ፍሪጁ ሞቶ 4 ነው እያለ ስለቆየ ዘበኛው መልእክት አልደረሰውም፣ ቁልፏንም የተጫነ የለም። እርስዎ እውነት ነው ያሉት።”

“እኔማ እውነት እንዳልኩ አውቃለሁ። ማሽኑ ለምን ዋሸ?”

“እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። ጋሼ የጻፈውን አንድ መስመር አጥፍቼ።”

ብርጭቆውን ከእጄ ወሰደችና ውኃውን መታጠቢያው ውስጥ ደፋችው። 

“ጋሽ ሽቦ መብራት ሲመጣ እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር” አለች። “ሳጥኗ ላይ አፍጥጦ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። እኔ ደግሞ ጸሎት የሚያደርስ መስሎኝ ድምፅ አላሰማም ነበር። እየቆጠረ ነው ለካ!” ሳቀች፤ ወዲያው ተወችው።

ከሰዓት ዶክተሩ ቢሮ ገባሁ። ሁለቱን ውጤቶች፣ ስልኬ ላይ ያለውን የድሮውን ፋይል ፎቶና የእኔን ፋይል ጎን ለጎን አሳየሁት። “ከቤተ መዘክር” የሚለውን ጽሑፍ ማንሳት ዘንግቻለሁ፤ አነበበው።  ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ዓይኑን አሸ።

“ኢንጂነር፣ ባለፈው ወር ለበላይ ቢሮ የላክሁትን ሪፖርት ታውቂዋለሽ። አሠራራችንን ዘመናዊ አደረግን ብያለሁ። አንቺን ጠቅሼ።”

“አውቃለሁ፣ ዶክተር።”

“እንዲህ እናድርገው። የቴክኒክ ብልሽት ነበር እንበል። ማንም አይጠየቅ። እትዬም ነፃ፣ አንቺም ነፃ።”

ደክሞኝ ነበር፤ አማራጩ እንደ ተነጠፈ አልጋ ነበር። አንድ “እሺ” ነው የሚጎድለው። ግን ወረቀቱ ላይ ያለው ፊርማ የእኔ ነው። ብልሽት ተብሎ ከተጻፈ ደግሞ የሚጠረጠረው ያንን ማሽን አሥራ ሰባት ዓመት የገጣጠመው ሰው ነው፤ ሬዲዮ ጠጋኙ። እሱን ሁለተኛ ጊዜ መሳቂያ ላደርገው አልፈለግኩም።

“ብልሽት አልነበረም” አልኩት። “መስመሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እንደዚያ ይጻፍልኝ። የአጎቴ ፋይል ትክክል እንደነበርም ይጻፍ።”

“አጎትሽ እዚህ የሉም እኮ።”

“ለዚያ ነው ይጻፍ የምለው።”

ሐሙስ ኮሚቴው ተቀመጠ። አራት ሰዎች፣ አንድ የተሰበረ ጠረጴዛ። ስለ ዘጠና ሰከንድ ሦስት ጊዜ አስረዳሁ፤ ሦስት ጊዜም አንደኛው ሰውዬ “እና ማሽኑ ተኝቶ ነበር ማለት ነው?” አለኝ። በሦስተኛው ላይ “አዎ” አልኩት። እትዬ ቁልፍ ነፃ ወጣች። እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ኃላፊነቱ ለስድስት ወር ተነሥቶብኝ ሥራው ግን እኔው ላይ ቀረ፤ ሌላ የሚሠራው ስለሌለ። ክትባቱ በሚቀጥለው ሳምንት መጣ። ባለ መንታዋ እናት ስትመጣ አላየኋት፤ ሌላ ጣቢያ ሄዳ ይሆናል፤ ወይም የትም አልሄደችም ይሆናል።

እትዬ ቁልፍ አላመሰገነችኝም። በበሩ ሳልፍ ብቻ “ለጋሽ ሽቦ ንገሪው” አለችኝ። “በስልክ ሳይሆን ሄደሽ።”

ሄድኩ። ሁለት ጊዜ። የመጀመሪያው ቀን የለም ተባልኩ፤ ጫማው ግን በሩ ላይ ነበር። ሁለተኛው ቀን ጫማውም አልነበረም። ለእናቴ ነገርኳት።

“የኔንም ስልክ አያነሳም” አለች። ድንች እየላጠች ነበር፣ ቀና አላለችም። “እሱ እንደሆነ ልጅ ሆኖም እንደዚሁ ነበር። አባታችን በሰው ፊት የሳቀበት ጊዜ ዓመት ሙሉ አላናገረውም።”

“እኔ ሆን ብዬ አልነበረም፣ እማዬ።”

“አባታችንም ሆን ብሎ አልነበረም” አለች፤ ድንቹን ውኃ ውስጥ ጣለችው።

የጠባቂውን ፋይል በድጋሚ ከፈትኩት። ከዘጠና ሰከንዱ በላይ፣ ማሽኑ የማያነበው ሰው ብቻ የሚያነበው ማስታወሻ ጻፍኩ። ሳጥኑ እስኪነቃ ሰማንያ አራት ሰከንድ ይፈጃል፤ ይህን መስመር የጻፈው ማን እንደሆነ፤ አትንኩት። ቅጽል ስሙን ሳይሆን ሙሉ ስሙን ነው የጻፍኩት።

ከዚያ ስልኬን አነሣሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ አጠፋሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል በጽሑፍ ሲሆን ቀላል መሰለኝ፣ ስለዚህ የማውቀውን ሥራ ብቻ ጻፍኩለት።

“ጋሼ፣ ዘጠና ሰከንዱን መልሼዋለሁ። ሳጥኗ የምትፈልገው ሰማንያ አራት ነው፤ ከእትዬ ቁልፍ ጋር ቆጠርነው። ስድስቷን ለምን እንደጨመርካት ግን አልገባኝም። ልመጣና ብትነግረኝ።”

ላክሁት። በዚያው ቀን ማታ እንዳነበበው የሚናገረው ምልክት ስልኬ ላይ ታየ። ከዚያ ወዲህ መብራት ብዙ ጊዜ ጠፍቶ መጥቷል፤ በየጊዜው ጠባቂው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እቆጥራለሁ። ከሰማንያ አራት እስከ ዘጠና ባሉት ስድስት ሰከንዶች ስልኬን አያለሁ። መልሱ እስከ ዛሬ አልመጣም።